መኪናዋ የምትለው

ጅግጅጋ ውስጥ ጃፓንኛ ሳይሰማ የሚውል ሰው የለም። ይህን አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። በድንበሯ ከተማ በቶጎጫሌ በኩል የሚገቡት፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነው አሮጌ የጃፓን መኪኖች ቁልፍ ሲዞርላቸው በቀጭን የሴት ድምፅ አንድ ነገር ይላሉ። ምን እንደሚሉ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። ከወሎ መጥቶ ጅግጅጋ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀው አባቴ፣ «ይቺ ሴትዮ ቤት የላትም እንዴ፣ በየሰው መኪና የምትዞረው?» ይል ነበር።

እኔ ለዚያች ድምፅ ጆሮ የሰጠሁት በአዴር መኪና ውስጥ ነው። አዴር በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ የሥጋ ዝምድና ባይኖርም ለትልቅ ሰው ይባላል። ደስ የሚለው፣ ሶማሌ ዘንድ እንዲህ ያለው መጠሪያ እንደ ሰላምታ ይመለሳል። እኔ «አዴር» ስላቸው እሳቸውም መልሰው እኔን «አዴር» ይሉኛል። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ እና እኔ፣ ጂንስ የለበስኩ ወጣት ሴት፣ ቀኑን ሙሉ አጎትና አጎት ሆነን እንውላለን። መንገድ ላይ የሚሰማን ያገሬ ሰው ግራ ይገባው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ነው አብረን መሥራት የጀመርነው። ሳምንቱን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የስብሰባ ፎቶ አነሳለሁ፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው የታሸገ ውሃ፣ ያው የሚያዛጋ ሰው። ቅዳሜና እሁድ ግን ሠርግ ነው። በሶማሌ ሠርግ የሴቶቹ አዳራሽ ወንድ አይገባበትም፤ ካሜራ የያዘች ሴት ደግሞ በዚያን ጊዜ በከተማው ብዙም አትገኝም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሐርተሼክ፣ ነገ ቶጎጫሌ እያሉ ይጠሩኛል፤ አዴርም በነጯ መኪናቸው ይወስዱኛል። በግራ በኩል፣ መሪ መኖር በነበረበት ቦታ ተቀምጬ፣ ያንን ሜዳ፣ ግመሉን፣ ጭነት የቆለለውን ሚኒባስ እያየሁ እሄዳለሁ። አሁን ሳስበው፣ ከሠርጉ ይልቅ የምናፍቀው መንገዱን ነው።

ሥራዬ አንድ ሕግ ነበረው። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው በስስ ቀሚስ ሲጨፍሩ ያነሳሁት ፎቶ እኔ ዘንድ አይቀርም። ጭፈራው ሲያበቃ ከሙሽራዋ እናት ጎን እቀመጥና ካሜራውን ከፍቼ አንድ በአንድ አሳያለሁ። «ይቺን አጥፊ» ካሉኝ እዚያው ዓይናቸው እያየ አጠፋለሁ። የቀረውን ደግሞ ከነሚሞሪ ካርዱ በእጃቸው አስረክባለሁ። ሌላው ፎቶ አንሺ ምርጥ ሥራውን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ እኔ ምርጥ ሥራዎቼን በገዛ አውራ ጣቴ ያጠፋሁ ሰው ነኝ። ብዙም አልቆጨኝም። አንዷን ብቻ ሳልጨምር ነው።

የአዴር ትንሿ ልጅ ያገባች ቀን ነው። እናቷን፣ የአዴርን ባለቤት፣ ኤዶ እላቸው ነበር፤ የአባት እህት ማለት ነው። ኤዶ ቀልደኛ፣ ምላሰኛ፣ የሻሂ ብርጭቆ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። በዚያ ምሽት አንዲት ጎረቤት የሆነ ነገር ስትነግራቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሲስቁ አነሳኋቸው። ሻሻቸው ወደ ትከሻቸው ወርዷል፣ የወርቅ ጥርሳቸው ይታያል፣ ሻሂው ሊፈስ ደርሷል። እንደዚያ ያለ ፎቶ ካሜራ ከያዝኩ ወዲህ አላነሳሁም።

ሲያዩት ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ይቺ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ ኤዶ።»

«የሙሽራዋ ይቆይ። የኔን አጥፊ።»

«ኤዶ፣ በጣም ያምራል እኮ!»

«ለማን ነው የማምረው? ያየኝ አይቶኛል። አጥፊ!»

አጠፋሁ። ትከሻዬን ቸብ አድርገው ሻሂ አስመጡልኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኤዶ ሐርተሼክ እህታቸው ዘንድ ሄደው ሳሉ ታመሙ። አዴር በዚያችው መኪና ወደ ጅግጅጋ ሆስፒታል አመጧቸው። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ሐዘኑ ጋብ ሲል ልጆቹ ፎቶ ፈለጉ፤ ቤቱ ውስጥ አንድም የለም። ፎቶ ሲነሱ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሴት ስለነበሩ አንዲት ብቻ ነበረቻቸው፤ መታወቂያቸው ላይ ያለችው። መታወቂያው ደግሞ ጠፍቷል። ሆስፒታሉን ጠየቁ፣ ሐርተሼክ ድረስ ሄደው የእህትየውን ቤት አገላበጡ፣ የኤዶን ቦርሳ ገበሩን ሳይቀር ተረተሩት። የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ለከተማው ሠርግ ሁሉ ፎቶ አንሺ የሚያመላልስ ሰው የሚስቱን ፎቶ አጣ።

አዴር ያጠፋሁትን ፎቶ ያውቃሉ። አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ወደ ቶጎጫሌ ስንሄድ መንገዱን እያዩ፣ «አዴር፣ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» አሉኝ። «ድምጿን እሰማለሁ። እጇንም አያለሁ። ፊቷ ላይ ስደርስ የለም።» መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። እጄን፣ በተለይ አውራ ጣቴን፣ ጠላሁት።

በዚያው ሰሞን አንድ ልማድ አየሁባቸው። ቁልፍ ሲያዞሩ ሴትዮዋ ትናገራለች፤ እሷ እስክትጨርስ ይጠብቁና «አሚን» ብለው ማርሽ ያስገባሉ። ሳትናገር አይነሱም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው።

«ድሮ አጭር ነበር የምትለው» አሉ። «ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ ግን አረዘመችው። ሌላ ቃል ነው አሁን። ሐዘን እየደረሰችኝ ነው፤ ዱዓ ጨምራለች።»

ሳቄን ዋጥኩት። መኪና ሐዘን ሲደርስ! ግን ጆሮ ሰጥቼ ስሰማ እውነትም ረዘም ያለ ነበር፤ እንደ ልመና ያለ ነገር። ከዚያ በኋላ እኔም በሆዴ አሚን ማለት ጀመርኩ፤ ምን ይጎዳል ብዬ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ሳምንት የፎቶግራፍ ሥልጠና ጃፓን ላከኝ። ወሬው ሲሰማ ያልታዘዝኩት ዕቃ የለም። በእኛ ገበያ «ጃፓን» ማለት ኦሪጅናል ማለት ነው፤ ጎረቤቴ «ጃፓን ቢላ»፣ አለቃዬ «ጃፓን የጥፍር መቁረጫ» አሉኝ። አባቴ፣ «ያቺን ሴትዮ ካገኘሻት ሰላም በይልኝ» አለኝ። አዴር ኤርፖርት ሲያደርሱኝ ስልክሽን አውጪ አሉኝ። ሞተሩን አጥፍተው አስነሱና ሴትዮዋ ስትናገር አስቀዱኝ።

«ምን እንደምትለኝ ጠይቂልኝ። ስድብም ቢሆን እውነቱን ትነግሪኛለሽ። አማና።»

አማና አደራ ነው፤ በሶማልኛም ያው ክብደት አለው። አደራውን ተቀብዬ ወደ አውሮፕላኑ ስሄድ ልቤ ከበደኝ። ዱዓ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምን ቢሆን ነው ለእሳቸው የሚበቃው?

ቶኪዮ ስደርስ ያስደነገጠኝ ፎቁ አይደለም፤ ዝምታው ነው። የዚያ ሁሉ ሰው ከተማ፣ ባቡሩ ውስጥ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ይላል። አንድ ትልቅ መስቀለኛ መንገድ ወሰዱን፤ መብራቱ ሲበራ ከየማዕዘኑ ሰው እንደ ጎርፍ ይለቀቃል፣ ማንም ማንንም ሳይነካ ይተላለፋል። ሠላሳ ጊዜ አነሳሁት፤ ሠላሳውም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ጃንጥላ የያዘ፣ ቦርሳ የያዘ፣ ወደ እኔ የማያይ ሰው። ጅግጅጋ ላይ ካሜራ ሳወጣ «ለምንድን ነው?» የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። ሰው ካልጠየቀኝ ማንሳት አልችልም መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ነጭ ጓንት አድርጓል፤ ወንበሩ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ሞተሩን ሲያስነሳ ያቺው ሴትዮ ተናገረች። ያቺው ቀጭን ድምፅ! ሳላስበው «አሚን» አልኩ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ሰው በሀገሩ ቋንቋ ሀገሩ ይናፍቀዋል፤ እኔ በማላውቀው ጃፓንኛ ጅግጅጋ ናፈቀችኝና ሆድ ባሰኝ። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አለቀስኩ። ያን ቀን ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ደብዛዛ ነው።

ስልኬ ውስጥ ያለውን ለአስተርጓሚያችን ማሰማት እችል ነበር። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሰዓት የምታከብር፣ በእንግሊዝኛ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ የምትናገር ጎልማሳ ሴት ናት። ሰዓት እናባክናለን ብዬ ነው ያልጠየቅኳት ብል ውሸት ነው፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ አንድ ሳምንት አሳለፍኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ኪዮቶ ገባን። የድሮ ከተማቸው ናት፤ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉ ቀልቶ ነበር፣ እንደ አዴር ጢም። ቤቶቹ ጠባብና ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ጫማ ተደርድሯል። አንድ ቅያስ ጋ ካሜራ ተስሎ በቀይ የተሰረዘበት ምልክት ቆሟል፤ ሰዎቹ የሚኖሩበት ስለሆነ ማንሳት ክልክል ነው። አብረውኝ ያሉት ሠልጣኞች አጉረመረሙ። እኔ ግን የሴቶቹ አዳራሽ በር ላይ የደረስኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀያይ የእንጨት በሮች ተደርድረው ተራራ የሚወጡበት ቤተ አምልኮ አለ፤ ከመግባትህ በፊት በቀርከሃ ጭልፋ ውሃ ቀድተህ ግራ እጅህን፣ ቀኝ እጅህን፣ ከዚያ አፍህን ትታጠባለህ። አዴር ቢያዩ «ይኼማ ከሶላት በፊት የምንታጠበው ዉዱእ ነው» ይሉ ነበር። ናራ በምትባለው ከተማ ደግሞ አጋዘኖች መንገድ ለመንገድ ይዞራሉ፤ ብስኩት ስታሳያቸው አንገታቸውን ሰብረው እጅ ይነሳሉ። ካርቶን የሚበሉት የጅግጅጋ ፍየሎች ይህን ትሕትና ቢማሩ ስል አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ኪዮቶ ላይ በመጨረሻው ቀን፣ አንድ ቤተ አምልኮ ግቢ ውስጥ ሠርግ ገጠመኝ። ሙሽራዋ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ሰፊ ነጭ መሸፈኛ ደብቆታል። እግሬ ሳላዘው ወሰደኝ። ሠርግ ሥራዬ ነው፤ የሙሽራዋን እናት ደግሞ የትም ሀገር አላጣትም። ጥቁር ኪሞኖ የለበሱ፣ ዓይናቸው ከሙሽራዋ የማይነቀል ሴት ነበሩ። ካሜራዬን ከፍ አድርጌ በዓይኔ ጠየቅኳቸው፤ ጎንበስ ብለው ፈቀዱ። ሰባት ፎቶ አነሳሁ፤ ከእነሱ አንዷ፣ ልጅቷ መሸፈኛውን ቀና አድርጋ እናቷን የምታይባት፣ የጉዞዬ ሁሉ ምርጥ ነበረች።

ከዚያ እንደ ልማዴ ከእናትየው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን አሳየሁና አውራ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። እናትየው አንገታቸውን እየነቀነቁ «ሃይ» አሉኝ። «ሃይ» እሺ ማለት እንደሆነ ተምሬያለሁ። አጠፋሁት። ሁለተኛውን አሳየሁ፤ «ሃይ፣ ሃይ»። አጠፋሁ። እንዲህ እያልን ሰባቱንም ጨረስናቸው። የመጨረሻዋ ስትጠፋ ግን የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ፤ ወደ ካሜራው እየጠቆሙ ቶሎ ቶሎ ተናገሩ። አስተርጓሚዋ እየሮጠች መጣች።

«ምን አደረግሽ?» አለችኝ። «ያምራሉ፣ እባክሽ ላኪልኝ ነው የሚሉሽ! ለምን አጠፋሻቸው?»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንደ ናራ አጋዘን ደጋግሜ እጅ ነሳሁ። እናትየው ሳቁና ሙሽራዋን መልሰው አቆሙልኝ፤ ሦስት አነሳሁና አድራሻቸውን ተቀበልኩ። ያቺ እናቷን የምታይባት ግን አልተመለሰችም።

አስተርጓሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቷን ሳታይ አጠገቤ ተቀመጠች። ለምን እንደማጠፋ ነገርኳት። ከዚያ የኤዶን ሳቅ፣ የጠፋውን መታወቂያ፣ ሐዘን የምትደርሰውን መኪና፣ ሁሉንም ነገርኳት። አፌ ከተከፈተ አይዘጋም። ስልኬን አውጥቼ አሰማኋት። ፈገግ አለች።

«የአውራ ጎዳና መክፈያ ካርድ የሚገባባት ትንሽ ሳጥን ናት» አለችኝ። «ሁሉም መኪናችን ውስጥ አለች። ሞተር ሲነሳ ስለ ካርዱ ትናገራለች።»

ልቤ ስብር አለ። ካርድ! በእኛ ሀገር ለሐኪም ካርድ፣ ለምርጫ ካርድ፣ ለስልክ ካርድ፤ አሁን ደግሞ አዴር አሚን ሲሉ የኖሩት ለካርድ ነው። «ካርድ የለም ነው የምትለው?» አልኳት።

አስተርጓሚዋ መልሳ አዳመጠች። «አይደለም። ካርድ ከሌለ አጭር ነው፤ ‹ካርድ አልገባም› ብቻ። ይቺ የምትለው ሌላ ነው። ‹ካርዱን ማንበብ አልቻልኩም፤ እባክዎ ካርዱን ይመልከቱ።›» ቀና ብላ አየችኝ። «ውስጡ የሆነ ካርድ ገብቷል።»

«ድሮ አጭር ነበር። ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ አረዘመችው» ብለውኝ ነበር አዴር። ሐርተሼክ፣ ሆስፒታል፣ በመሐል ኬላ። ኬላ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ኤዶ በግራ በኩል፣ እኔ በምቀመጥበት ወንበር ነበሩ፤ ሳጥኗ ደግሞ እዚያው ጉልበት አጠገብ ናት፤ መታወቂያውን አሳይተው ሲያበቁ እዚያ ሸጉጠውት ቢሆንስ? ስንት ዓመት በጉልበቴ ስነካት ኖሬያለሁ! አስተርጓሚዋ በታክሲ ስንመለስ ካርዱን የሚያስወጣውን ቁልፍ በጣቷ አሳየችኝ።

ለአዴር አልደወልኩም። ባይሆንስ? ሌላ ወረቀት ቢሆንስ? የቀረኝን ሳምንት ያሳለፍኩት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ያነሳሁት ቤተ መቅደስ፣ ኩሬው፣ የሻይ ቤቱ፣ ሁሉም አለኝ፣ ማንሳቴን ግን አላስታውስም።

ጅግጅጋ ኤርፖርት አዴር ቆመው ጠበቁኝ። ሻንጣዬን ጫኑ፣ ገባን፣ ቁልፍ አዞሩ። ሴትዮዋ ተናገረች። «አሚን» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እህ፣ አዴር? ስድብ ነው?»

«አይደለም አዴር። ይመልከቱ ነው የምትልዎት።»

ጎንበስ ብዬ በጉልበቴ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ተጫንኩ። ካርዱ ወጣ። ላስቲኩ ጫፉ ላይ ተላቅቋል። ኤዶ በሻሻቸው ውስጥ ሆነው፣ መታወቂያ የሚያነሳውን ሰው ሊሰድቡ ትንሽ የቀራቸው መስለው ያያሉ።

አዴር ተቀበሉኝ። በአውራ ጣታቸው የኤዶን ፊት ዳበሱ፤ ከዚያ መሪው ላይ ተደፉ። እኔም አለቀስኩ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋብን፣ ከዚያ ተወን።

ብዙ ቆይተው ቀና ሲሉ ካሜራዬን ከቦርሳው አወጣሁ። አንድ ጊዜ ባነሳው፣ በትልቁ ባትመው፣ የጠፋው ይካስልኝ ነበር። አዴር ካሜራውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ብትጠይቂያት ምን ትልሻለች?»

ኤዶ ምን እንደሚሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ካሜራውን መለስኩት።

አዴር ሞተሩን አጥፍተው አስነሱ። «ካርድ አልገባም» አለች ሴትዮዋ፤ አጭሩን። «ይቺ የድሮዋ ናት» አሉ። ካርዱን እንደገና አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሰጡኝ።

«መልሰሽ ክተቺው። አሁን የት እንዳለች አውቃለሁ።»

ከተትኩት። አጥፍተው አስነሱ። ረጅሙን አለች፤ እባክዎ ይመልከቱ። አዴር እስክትጨርስ ጠበቁና «አሚን» ብለው ማርሽ አስገቡ።